«የዌብሳይትዎ ስም ሊያበቃ ነው» የሚለውን ወረቀት ልክፈለው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱንን ጥያቄዎች ስናገላብጥ አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ አረፉ። የዌብሳይት ስም፣ ማለትም ዶሜይን፣ «ሊያበቃብዎት ነውና ቶሎ ይክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ላይ። የታክሱን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አቆይተን ዛሬ ይሄንኑ እንጨርሰው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከመብራትና ከውሃ ቢል ጋር አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። የምግብ ቤቴ ዌብሳይት ስም በትክክል ተጽፎበታል። የእኔም ስም፣ የቤቱም አድራሻ አለ። ስሙ የሚያበቃበትን ቀን ጠቅሶ፣ እስከዚያ ካላደስኩ ስሜን ላጣ እንደምችልና ደንበኞችም ላያገኙኝ እንደሚችሉ ይናገራል። ለ1 ዓመት 45 ዶላር፣ ለ2 ዓመት 80 ዶላር ነው የሚጠይቀው። ቼክ የሚላክበት ፖስታም አብሮ አለ። ዌብሳይቱን የሠራልኝ ልጅ ሌላ ስቴት ሄዷል፤ ስልክም አያነሳም። እኔ ደግሞ ግማሹን ኦርደር የምቀበለው በዚያ ነው። 45 ዶላር ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ ከፍዬ ልገላገል? (ባለ ምግብ ቤቷ)

መልስ፦ አይክፈሉ፣ እህታችን። ቼኩን ጽፈው ከሆነም ይቅደዱት። ወረቀቱን ግን ገና አይጣሉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንደርስበታለን።

የመጣልዎት ቢል አይደለም። ቢል እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ የሽያጭ ወረቀት ነው። እስቲ አውጥተው በደንብ ይዩት። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ አናታቸው ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስመስል ስም ወይም ምልክት አለ። መሃል ላይ ሠንጠረዥ፣ ባርኮድ፣ «እስከዚህ ቀን ይመልሱ» የሚል በደማቁ የተጻፈ ቀን፤ ከታች ደግሞ ተቀዶ ከቼኩ ጋር የሚላክ ቁራጭ። ቁርጥ የውሃ ቢል። አሁን መነጽርዎን አድርገው አንቀጾቹን ያንብቡ። አንዱ ጋ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ። በደግነት የጻፉት እንዳይመስልዎ። የአሜሪካ ሕግ ቢል የሚመስል የሽያጭ ወረቀት በፖስታ የሚልክ ሁሉ ቢል አለመሆኑንና የመክፈል ግዴታ እንደሌለ ጎላ አድርጎ እንዲጽፍ ያስገድዳል። እነሱም ይጽፉታል፣ ግን ዓይን የማያርፍበት ቦታ ፈልገው። ነገ «አታለላችሁኝ» ቢሏቸው «ጽፈናል እኮ» ለማለት ነው።

ከዚያ ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። «ያለዎትን ድርጅት ትተው ወደ እኛ ይዛወሩ» የሚል ዓይነት ነገር። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዶሜይን አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ንብረት አይደለም፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው፤ የሚያድስልዎትም ስሙ አሁን የተመዘገበበት ድርጅት፣ ማለትም መዝጋቢው፣ ብቻ ነው (ጎዳዲ ይሁን ኔምቺፕ ይሁን ሌላ)። ከሌላ ድርጅት «ላድስልዎ» የሚል ወረቀት ከመጣ እድሳት ሳይሆን ዝውውር ነው የሚሸጥልዎት። ፈርመው ቼክ ሲልኩ «ስሜን ከነበረበት አንስታችሁ ውሰዱልኝ» ብለው ፈቀዱ ማለት ነው። ዋጋውንም ይመልከቱት። መጨረሻው ነጥብ ኮም የሆነ ስም ከ2024 መስከረም ጀምሮ ለመዝጋቢ ድርጅቶች በጅምላ 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነው የሚቀርብላቸው። እነሱ የራሳቸውን ትርፍ ጨምረውበት እንኳ ብዙዎቹ በዓመት ከ25 ዶላር በታች ነው የሚሸጡት። 45 ከየት መጣ?

አድራሻዬን ከየት አገኙት ብለው ይሆናል። ማንም ሰው ዶሜይን ሲመዘግብ ስሙ፣ አድራሻውና ስልኩ መዝገብ ላይ ይገባል። ያ መዝገብ ለብዙ ዓመታት ለማንም ክፍት ነበር። የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ በ2018 ሥራ ላይ ሲውል የግለሰቦች ስምና አድራሻ በአብዛኛው ተሸፈነ፤ ቀድሞ የተቀዳው ግን ተቀድቷል። ስሙ የሚያበቃበት ቀን ደግሞ ዛሬም ለማንም ይታያል። የምግብ ቤት አድራሻማ በሩ ላይ ተለጥፎ የለ?

ጨዋታው አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «ዶሜይን ሬጅስትሪ ኦፍ አሜሪካ» የሚባል ድርጅትን በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ያቀረበው በ2003 ነው፤ «እድሳት» እያለ ዝውውር ይሸጣል ብሎ። በ2014 ደግሞ ዶሜይንን በዓለም ደረጃ የሚያስተዳድረው አይካን ከዚሁ ስም ጋር ይሠራ የነበረውን መዝጋቢ ለጊዜው አገደው። ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ይመጣል። አንዱ ስም ሲነቃበት ሌላ ስም ይለጠፍበታል።

የሚሠራውም በእኛ ዓይነቱ ሰው ላይ ነው ባይ ነኝ። ማኅተም የመሰለ ነገር ያለበት ወረቀት ሲመጣ ለምን ብሎ መጠየቅ አላደግንበትም። እዚህ አገር ደግሞ አንድ ቢል ካለፈ ክሬዲት ይበላሻል፣ ላይሰንስ ይታገዳል እየተባልን ነው የኖርነው። ቀን የተጻፈበት ወረቀት ካየን ቼክ ደብተሩን እንስባለን። ሰዎቹ ይሄንን አሳምረው ያውቁታል።

አሁን ወረቀቱን አይጣሉ ወዳልኩት። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ ነው እንጂ ውሸታሙ፣ ቀኑ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ያረጋግጡ። ኢንተርኔት ላይ «አይካን ሉክአፕ» ብለው ይፈልጉና የአይካንን የራሱን ገጽ ይክፈቱ፤ የዌብሳይትዎን ስም ያስገቡ። ክፍያ የለውም። ሁለት ነገር ይፈልጉ፤ «ሬጅስትራር» ከሚለው አጠገብ ያለውን የድርጅት ስምና ስሙ የሚያበቃበትን ቀን። የድርጅቱን ስም ካገኙ በኋላ ወደዚያው ደውለው «ይሄ ስም በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? እድሳቱስ በራሱ ጊዜ ይከፈላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ለሌላ ሰው የተመዘገበውን ላይነግሩዎት ይችላሉ፤ ያኔ የአካውንት ማስመለሻ እንዴት እንደሚጠየቅ ይንገሩኝ ይበሏቸው።

ትክክለኛው መዝጋቢ ስሙ ከማብቃቱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው እንዲያስታውስዎት የአይካን ደንብ ያስገድደዋል። ማስታወሻው ግን የሚሄደው መጀመሪያ ወደተሞላው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል የልጁ ከሆነ እርስዎ ምንም አይደርስዎትም። እውነተኛው አደጋ ይሄ ነው፤ ደብዳቤውን የላከው ሰው ሳይሆን ስልክ የማያነሳው ልጅ። ቢያልፍብዎት እንኳ ስሙ በማግስቱ ሰው እጅ አይገባም። ነጥብ ኮም ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ የእፎይታ ጊዜ አለ፤ ከተሰረዘም በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይኖራል፤ ያኔ ግን ማስመለሻው ከመቶ ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የታክስ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃዬ እረፍት ላይ እያለ እንዲህ ዓይነት ወረቀት መጣና በቢሮው ክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። አሁን «ኮድ ላኪልን» የሚል ኢሜይል እየደጋገሙ ይልኩልኛል። አለቃዬ ሰኞ ይመለሳል። ምን ይሻለኛል? (ጭንቅ ውስጥ ያለችው)

መልስ፦ ኮዱን አትላኪ! በቃ፣ ይሄንን ካደረግሽ ግማሹ ችግር አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ዶሜይን ሲመዘገብ ይቆለፋል። ነጥብ ኮምን ከአንድ መዝጋቢ ወደ ሌላ ለማዛወር ቁልፉ መከፈትና ከአሁኑ መዝጋቢ የሚስጥር ኮድ መውጣት አለበት። ያ ኮድ እስካልደረሳቸው ድረስ ገንዘብሽን ይዘዋል እንጂ ስሙን አልያዙትም። እየወተወቱ ያሉትም ለዚያ ነው። አሁን ያላችሁበት መዝጋቢ ጋ ገብተሽ ቁልፉ መዘጋቱን እይ። «ዝውውር ተጠይቋል፤ ካልተስማሙ ይከልክሉ» የሚል ኢሜይል ከእሱ መጥቶ ከሆነ ወዲያው ከልክይ፤ የተሰጠሽ ጊዜ የቀናት ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ካርዱ ባንክ ደውዪ። «ቢል መስሎኝ ነው የከፈልኩት፤ አገልግሎቱን አላዘዝኩም» በይና ክፍያው እንዲጣራ ጠይቂ። በቼክ ከፍለሽ ቢሆን ኖሮ ገና ሳይመነዘር ማስቆም ነበር። የደብዳቤውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ያዢ፣ ፖስታውንም ጭምር። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ በፖስታ ስለመጣ ለፖስታ መርማሪዎች፣ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም ጥቆማ መላክ ትችያለሽ፤ ሁሉም በኢንተርኔት ነው። ገንዘቡን በማግስቱ አያስመልሱልሽም። ጥቆማ ካልተጠራቀመ ግን የሚከሰስ ድርጅት የለም።

ዝውውሩ አልፎ ከሆነስ? ስሙ አሁንም የቢሮው ነው፣ መዝጋቢው ብቻ ነው የተቀየረው። ብዙ ጊዜ 60 ቀን እስኪሞላ ድረስ እንደገና ማዛወር አይቻልም፤ ከዚያ መመለስ ነው። እስከዚያው ግን የሚያሳስብ ነገር አለ፤ የድሮው መዝጋቢ የዌብሳይቱንና የኢሜይሉን አቅጣጫ ጭምር የሚመራላችሁ ከነበረ፣ ስሙ ከእሱ ሲወጣ ያንን ሊያቋርጠው ይችላልና አንድ ቀን ጠዋት ዌብሳይቱም ኢሜይሉም ቀጥ ሊል ነው፤ ለታክስ ቢሮ ደግሞ በየካቲት ኢሜይል ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ዌብሳይቱን የሚያይላችሁን ሰው ዛሬ አናግሪው።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ሰኞን አትጠብቂ። ዛሬ ደውለሽ ንገሪው። ከካርዱ መግለጫ ላይ አይቶት ከሚጠይቅሽ፣ ባንኩን አናግረሽ ጥቆማም ልከሽ ብትነግሪው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ቡና ኤክስፖርት እናደርጋለን። ከቻይና በእንግሊዝኛ ኢሜይል መጣልኝ። እኛ የዶሜይን መዝጋቢ ነን፣ አንድ ድርጅት የእናንተን ስም በቻይናና በእስያ ዶሜይኖች ሊያስመዘግብ አመልክቷል፣ የእናንተ ወኪል ካልሆነ በአስቸኳይ አሳውቁን ይላል። «ለሥራ አስኪያጁ ይድረስ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የቻይና ገበያ ውስጥ ለመግባት እያሰብን ስለሆነ ደነገጥኩ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውሸት ነው። የሚያመለክት ድርጅትም የለም። ይሄ ኢሜይል ዓለምን ሲዞር ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚቀየረው የድርጅቱ ስምና የናንተ ስም ብቻ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። «የኛ ወኪል አይደለም» ብለህ ስትመልስ በጣም ትህትና ያለው መልስ ይመጣልሃል። «ያኛውን ልናቆመው እንችላለን፣ ግን ቅድሚያ እንድታገኙ እናንተ መጀመሪያ አስመዝግቡ» ይልሃል። ቀጥሎ ዝርዝር ይላካል፤ አምስት ስድስት ዶሜይን፣ «የኢንተርኔት ቁልፍ ቃል» የሚባል ነገርም ተጨምሮበት፣ ከተለመደው በላይ በሆነ ዋጋ፣ ለብዙ ዓመት። አንዳንዴ «አመልካቹ» ራሱ ኢሜይል ይጽፍልሃል፣ «ስሙን አልተውም» ብሎ ይፎክራል። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው ብትል ብዙ አትሳሳትም።

ከአሠራሩ ራሱ ውሸቱን ታውቀዋለህ። ዶሜይን የሚሰጠው ቀድሞ ለጠየቀ ነው። የትኛውም መዝጋቢ «ይሄ ስም አዲስ አበባ ውስጥ የማን ይሆን?» ብሎ ባለቤት ሲያፈላልግ አይውልም፤ ያ ሥራው አይደለም። ደንበኛ መጣ፣ ስሙ ክፍት ነው፣ ሸጠ፣ አለቀ። ሊያስጠነቅቅህ የመጣ መዝጋቢ ካየህ ሻጭ ነው።

መልስ አትስጥ። የቻይናውን ስም ከልብህ ከፈለግከው ግን ከምታምነው መዝጋቢ ግዛ። ነጥብ ሲኤን ላይ የባለቤቱን ማንነት የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል እንጂ ሌላ ውጣ ውረድ የለውም።

ድንጋጤህን ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ላዙረው። የቡና ሰው ሆነህ ሊያሳስብህ የሚገባው ዶሜይኑ ሳይሆን የንግድ ምልክቱ ነው። ቻይና ውስጥ የንግድ ምልክት በአብዛኛው ቀድሞ ላመለከተ ነው የሚሰጠው፤ ሌላ ቦታ ስትጠቀምበት መኖርህ ብቻውን ብዙ አያድንህም። ስም ምን ያህል እንደሚያወጣ ደግሞ እኛው አይተነዋል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ ላስመዝግብ ብሎ በ2005 ሲነሳ ከስታርባክስ ጋር እስከ 2007 የዘለቀ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው የገባው። ገበያው ውስጥ ከመግባትህ በፊት ለጠበቃ የምትከፍላት ገንዘብ እዚያ ላይ ትዋል። ለማታውቀው ኢሜይል አይደለም።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ከ6 ዓመት በፊት ዌብሳይት ሠራልኝ፤ የሊሞዚን ሥራ ነው ያለኝ። ስሙን በራሱ አካውንት ነው የገዛው። አሁን ተቀያይመናል። ደብዳቤ መጣልኝና «ይሄ ነገር ምንድነው» ብዬ በእናቱ በኩል ሳስጠይቀው፣ ስሙ የእሱ እንደሆነና 1,500 ዶላር ካልከፈልኩ እንደማይለቅ ነገረኝ። ይችላል? (ጋሼ፣ ከአትላንታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሄ ከደብዳቤውም የከፋ ነው። ካርታው በደላላው ስም የወጣ ቤት ውስጥ እንደመኖር ቁጠሩት። ገንዘቡን እርስዎ ቢከፍሉም፣ ደንበኛው ሁሉ በእርስዎ ስም ቢያውቀውም፣ መዝጋቢው የሚያውቀው አካውንቱን የከፈተውን ሰው ነው።

መጀመሪያ በሽምግልና ይሞክሩት። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እናቱም አሉ። ልጁ የደከመበት ሥራ ያልተከፈለው ካለ ያንን ከፍሎ መጨረስ ከጠበቃ ይረክሳል። ሲስማሙ ግን «እሺ፣ የአንተ ነው» የሚል ቃል አይበቃም። እርስዎ በራስዎ ኢሜይል፣ እዚያው እሱ ያለበት መዝጋቢ ጋ አካውንት ይክፈቱ፤ እሱ ደግሞ ስሙን ወደዚያ ይግፋው። በአንድ መዝጋቢ ውስጥ ከአካውንት ወደ አካውንት ማሻገር ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፣ በደቂቃዎችም ያልቃል። ገንዘቡን የሚሰጡት ስሙ አካውንትዎ ውስጥ ገብቶ በዓይንዎ ካዩት በኋላ ይሁን።

እምቢ ካለ ለስሙ የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ የተጻጻፉትን ቴክስት፣ የድርጅትዎን የንግድ ምዝገባ ይሰብስቡና ጠበቃ ያማክሩ። የድርጅቱ ስም በንግድ ምልክትነት የሚታወቅ ከሆነ ስሙን በክፋት የያዘን ሰው የሚከሱበት የአይካን የግልግል ሥርዓት አለ፤ የማመልከቻው ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ከጠየቀዎት አይተናነስም። ለዚህ ነው ሽምግልናውን ያስቀደምኩት።

ለሌሎቻችሁም፣ ልጃችሁ፣ የወንድማችሁ ልጅ፣ እሳት የላሰ የኮምፒውተር ሰው ቢሆን እንኳ፣ ዌብሳይቱን ይሥራ፣ ስሙን ግን በእናንተ ኢሜይልና በእናንተ ካርድ ግዙት።

ጥያቄ፦ የእኔ ደብዳቤ ትንሽ ይለያል። «ዓመታዊ የዌብሳይት ሊስቲንግ» ብሎ 228 ዶላር ይጠይቃል። ስለ እድሳት አያወራም። እሱስ?

መልስ፦ እሱ ደግሞ ዶሜይኑን አይነካውም። 228 ዶላር ተቀብሎ ማንም የማይከፍተው የስም ዝርዝር ውስጥ ያስገባሃል፤ ባትከፍል የሚቀየር ነገር የለም። ከዚያው ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች ወረቀቶችም አሉ። «የሠራተኛ ሕግ ፖስተር ይግዙ» የሚል አለ፤ ዋናዎቹን የግዴታ ፖስተሮች የፌዴራሉም የስቴቱም የሠራተኛ መሥሪያ ቤቶች በነፃ ይሰጣሉ። «ዓመታዊ ሪፖርትዎን እኛ እናስገባልዎ» የሚል አለ፤ ቨርጂኒያ ለኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ ለተወሰነ ድርጅት) በዓመት የምትጠይቀው 50 ዶላር ሲሆን ከስቴቱ ገጽ ላይ ራስህ ትከፍለዋለህ። የንግድ ምልክት ያስመዘገቡ ሰዎችም «የምልክት እድሳት» የሚል በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ወረቀት ይደርሳቸዋል።

እንደዚህ ዓይነቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ አትደውል። የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ራስህ ፈልገህ ደውልና «ይሄ ከእናንተ ነው?» በል። አይደለም ካሉህ ወደ ሪሳይክል።